የጁፒተር ጥለት

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ነበር። እናቴ ዘፍዝፋ ያሳደረችውን ነጠላ በማለዳ አጥባ ግቢያችን ውስጥ ገመድ ላይ ሰቅላዋለች። ከገመዱ አጠገብ አንድ የኮክ ዛፍ አለ። የፀሐይ ግርዶሽ እንደሚኖር በሬዲዮ ሰምተናል፤ ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይን መሀል ለመሀል ሸፍና ዙሪያዋን የእሳት ቀለበት እንደምታስቀር፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ግርዶሹ ከፊል እንደሚሆን ተነግሯል። ላሊበላ ሄጄ ቀለበቱን ለማየት ከዓመት በፊት ጀምሬ ገንዘብ ሳጠራቅም ነበር። ኮሮና መጣና ቤት ቀረሁ። መከላከያ መነጽሩንም አላገኘሁም። እናቴ «ቀና ብለሽ እንዳታዪ፣ ዓይንሽን!» እያለች ስትከተለኝ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

አንገቴን በመድፋቴ ነው ያየሁት። ደመናው ለጥቂት ደቂቃ ገለጥ ሲል እርጥቡ ነጠላ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ማጭዶች ተበተኑ። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የዞሩ፣ ነፋስ ቅጠሉን በነካ ቁጥር አብረው የሚንቀጠቀጡ የብርሃን ማጭዶች። በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለች እያንዳንዷ ክፍተት የፀሐይን ምስል ታሳልፋለች፤ በሌላው ቀን ምስሉ ክብ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ ፀሐይ ስትጎድል ግን እያንዳንዱ ክብ አብሮ ይጎድላል። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። ወደ ቤት ሮጥኩና ልብስ ስሰፋ የምጠቀምበትን ሰማያዊ ጠመኔ ይዤ ተመለስኩ። የአንዱን ማጭድ ዙሪያ ስስል ሁለተኛው ይሸሻል፤ ሁለተኛውን ስይዝ ሦስተኛው ይደበዝዛል። ደመናው ተመልሶ እስኪዘጋ ድረስ የያዝኩት 11 ብቻ ነው።

እናቴ ከኋላዬ መጥታ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና «እንዲህ ያለ ጥልፍ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም» አለች። ነጠላዋን በጠመኔ ስላበላሸሁባት አልተቆጣችም። በነጋታው ከሳጥኗ ወርቃማ ክር አውጥታ ሰጠችኝ። እነዚያ 11 ማጭዶች ዛሬም እዚያው ነጠላ ላይ አሉ። ከሰማይ የወሰድኩት የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነው።

ጥልፍ ያስተማረችኝ እሷው ናት። እሷ በልጅነቷ በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ተምራዋለች፤ ሳድግ የትራስ ልብሶቻችን ሁሉ በእሷ አበቦችና ርግቦች የተሞሉ ነበሩ። እኔ ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደረሰኝ ከመዝገብ አስታርቃለሁ፤ በወር መጨረሻ ሳንቲም ስትጎድል ሳንቲሟን ስፈልግ አመሻለሁ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ይህን የምናገረው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ጠፈርን በቀለም፣ በክር፣ በእንጨትና በኮምፒውተር የሚሠሩ ብዙዎቹ ሰዎች እንደ እኔው ቀን ሌላ ሥራ ውለው፣ ማታ የእራቱን ሳህን አንሥተው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ዕቃቸውን የሚዘረጉ መሆናቸውን በእነዚህ ዓመታት ስላወቅሁ ነው።

ከግርዶሹ በኋላ ማታ ማታ የጠፈር ፎቶ መፈለግ ልማዴ ሆነ። አንድ ሌሊት የጁፒተርን ሰሜናዊ ክፍል የሚያሳይ ፎቶ አገኘሁ፤ ሰማያዊ አዙሪት በሰማያዊ አዙሪት ላይ፣ በመካከሉ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ጅረት። ስልኬን ይዤ መርካቶ ወረድኩና ክሩን ከፎቶው ጋር እያስተያየሁ 14 ዓይነት ቀለም ገዛሁ። ሳምንት ሳይሞላ ያንኑ ቦታና ያንኑ አዙሪት የሚያሳይ ሌላ ፎቶ አየሁ። ሰማያዊ የሚባል ነገር የለበትም። ፈዛዛ ክሬምና ቀላል ቡናማ ነው፤ ወተት የበዛበት ሻይ። በጣም ተናደድኩ። የትኛው ነው እውነቱ? አንዱ ዋሽቶኛል ማለት ነው ብዬ መርፌዬን አስቀመጥኩ።

መልሱን ፍለጋ ስሄድ ነው ጥሬውን ምስል ያገኘሁት።

ጁኖ የምትባለው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2011 ተወንጭፋ በ2016 ጁፒተር ደረሰች። ጁኖካም የተባለችው ካሜራዋ የተጫነችው በዋናነት ለሕዝብ ተብላ ነው። ሌሎቹ መሣሪያዎች ስለ ስበት፣ ስለ መግነጢስና ስለ ጨረር ይመረምራሉ፤ ካሜራዋ የምታነሣው ግን ማንም ሰው ከኢንተርኔት አውርዶ እንዲሠራበት ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። አወረድኩት። የጠበቅሁት ፕላኔት ነበር፤ ያገኘሁት ግራጫ ቅዳጅ ነው። መንኮራኩሯ በደቂቃ 2 ጊዜ ያህል በራሷ ዙሪያ ትሾራለች፤ ካሜራዋም እየዞረች ስለምታነሣ ምስሉ በጠባብ በጠባብ ቁራጭ ተከፋፍሎ ይመጣል። አንዱ ቁራጭ በቀይ ማጣሪያ፣ አንዱ በአረንጓዴ፣ አንዱ በሰማያዊ የተነሣ ነው፤ ሁሉም ግን ለዓይን ግራጫ ነው። አንድ ልብስ ተተርትሮ በከረጢት የተላከልኝ መሰለኝ።

ይህን ቅዳጅ ቁራጩን ከቁራጭ አጋጥመው፣ የመንኮራኩሯን መዞር አስልተው፣ ቀለሙን መልሰው ፕላኔት የሚያደርጉት ሰዎች አብዛኞቹ ማንም ያልቀጠራቸው ናቸው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሰው ጌራልድ አይክሽቴት ለዚሁ ሥራ የራሱን የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽፏል። ሾን ዶራን የሥዕል ሰው ነው፤ አይክሽቴት ያጋጠመውን እየተቀበለ ብርሃኑንና ጥላውን ያጎላል፤ ሁለቱ አብረው የሠሯቸው ምስሎች ዓለምን ዞረዋል። ኬቪን ጊልም በዚህ የታወቀ ነው። አንዳንዱ ሰው ዓይናችን እዚያ ቢሆን ሊያየው ወደሚችለው ይጠጋል፤ ያ ነው የእኔ ወተት የበዛበት ሻይ። ሌላው ደግሞ አዙሪቱ ከአዙሪቱ እንዲለይ ቀለሙን ያጎለዋል፤ ያ ነው ሰማያዊው። ሁለቱም ከአንድ ቅዳጅ የተሰፉ ናቸው። የዋሸኝ ፎቶው ሳይሆን ቀለሙ በሰው የተመረጠ መሆኑን ሳይናገር ከእጅ ወደ እጅ ያቀባበለው ሰው ነው።

ይህ ነገር በእኔ ላይ ያመጣውን ለውጥ በቃላት ማስረዳት ይከብደኛል፤ ግን ልሞክር። እስከዚያ ቀን ድረስ የጠፈር ሥዕል የምሠራው የተጠናቀቀን ነገር እየገለበጥኩ ነው ብዬ አስብ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ምርጫው እኔም ላይ እንዳለ ገባኝ። ግራጫው ለሁላችንም አንድ ነው፤ ቀለሙ የመረጠው ሰው ነው። ስለዚህ ራሴን በአንድ ነገር አሰርኩ። በምሠራው ጨርቅ ሁሉ ጀርባ ላይ ትንሽ ነጭ ቁራጭ እሰፋለሁ፤ እዚያ ላይ ምስሉ ከየት እንደመጣ፣ ያጋጠመው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ቀለም እንዳለ የተወሰደና የትኛው የእኔ ምርጫ እንደሆነ በጥቁር ክር እጽፋለሁ። አንዳንዱ ጽሑፍ ከጥልፉ ይልቅ ያደክመኛል። ግን ገዢም ሆነ እንግዳ ጨርቁን ገልብጦ ሊያነብ ይችላል።

ከእኛ በፊት የሄዱትም ይህንኑ ጥያቄ ተሸክመዋል። ሩሲያዊው አሌክሲ ሊዮኖቭ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1965 ከመንኮራኩር ወጥቶ በጠፈር ላይ የተንሳፈፈ የመጀመሪያው ሰው ነው። በዚያው ጉዞ የቀለም እርሳሶች ይዞ ነበር፤ ክብደት በሌለበት ቦታ እንዳይበተኑበት በክር የታሰሩ። መንኮራኩሩ ውስጥ ሆኖ የፀሐይን መውጣት ሣለ፤ በቅስት ከላይ የተደረበ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ። እርሳስ በክር አስሮ ወደ ጠፈር የሄደውን ሰው ሳስብ የእናቴ መቀስ በአንገቷ ላይ በክር ተንጠልጥሎ ይታየኛል። አሜሪካዊው አለን ቢን ደግሞ በአፖሎ 12 ጨረቃ ላይ ከቆመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 የጠፈሩን ሥራ ትቶ ሠዓሊ ሆነ። ጨረቃ ላይ ሲለብሰው ከነበረው ልብስ የተነሡ፣ አቧራዋ የገባባቸውን ዓርማዎች ቆራርጦ ቀለሙ ውስጥ ቀላቀላቸው፤ ጨረቃ ላይ በተጠቀመበት መዶሻ ሸራውን ይወቅረው ነበር። እንዲህም ሆኖ፣ ጨረቃ ግራጫ መሆኗን ከማንም በላይ እያወቀ ሐምራዊና አረንጓዴ ቀባት። በዓይኑ ያየው ሰው ቀለም ከመረጠ እኔ በስልኬ ያየሁት ለምን እፈራለሁ?

ሽሮ ሜዳ የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው። ቤታችን ከዚያ ሩቅ አይደለም። መንገዱን ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች ሰፈር ነው፤ ዳገቱን ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ እንጦጦ ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ መስተዋታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ከታች ሰዎች ክር ይቆጥራሉ፣ ከላይ ሰዎች ኮከብ ይቆጥራሉ፤ በመካከሉ የባሕር ዛፍ ጫካ ነው ያለው።

የእናቴን ነጠላዎች ለብዙ ዓመት የሸመኑት አባት ዘንድ ገባሁ። እንደ ሁልጊዜው እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ተቀምጠዋል። ስልኬን ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አዩትና «ይህ የየት አገር ጥለት ነው?» አሉኝ።

«ጥለት አይደለም፣ አባባ። ጁፒተር የምትባል ፕላኔት ናት።»

«ጥለት ነው እንጂ» አሉ። በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ይቆጥሩ ጀመር። «ነጭ። ቀጭን ቡናማ። ነጭ። ይኸው ወፍራም ቡናማ። ሰፊ ነጭ። ሌላ ወፍራም ቡናማ…» ለወራት ያየሁትን ፎቶ በዚያ ቅጽበት እንደ አዲስ አየሁት። የጁፒተር ደመና በእርግጥም ከዳር እስከ ዳር በተዘረጋ ነጣ ያለና ጠቆር ያለ መቀነት የተከፋፈለ ነው። እኔ አዙሪቱን ብቻ ሳይ እሳቸው መቀነቱን አዩ።

ያስቸገራቸው ድንበሩ ነበር። «መቀነቱ ከመቀነቱ ሲገናኝ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ እንደ ወንዝ ይታጠፋል። ማግ ደግሞ አይታጠፍም፣ ልጄ።» ለምን እንደሚታጠፍ የማውቀውን ነገርኳቸው፦ ጎን ለጎን ያሉት መቀነቶች ጠርዝ ላይ ነፋሱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይነፍሳል፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ ሲገሰግስ ቀጣዩ ወደ ምዕራብ፣ ሲፋተጉ ይታወካሉ አልኳቸው። እሳቸው መወርወሪያቸውን አነሡና ከቀኝ ወደ ግራ አሳለፉት፤ ከግራ ወደ ቀኝ መለሱት። «እንዲህ?» አሉ። አዎ፣ ልክ እንዲህ። ከዚያ በኋላ ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ድንበሩ ላይ አንድ ነጭ ማግ፣ አንድ ቡናማ፣ ሁለት ነጭ፣ አንድ ቡናማ እያደባለቁ አንዱን ቀለም ወደ ሌላው አስገቡት፤ ከአንድ ሜትር ርቀት ሲያዩት ድንበሩ በእርግጥ ይታወካል።

እኔ ጥለቱን በአንድ ጫፍ ብቻ ፈልጌ ነበር። «አንድ ጫፉ ባዶ የሆነ ነጠላ እኔ አልሠራም» አሉ። ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ ሰሜኑን በአንደኛው ጫፍ፣ ደቡቡን በሌላኛው ለማድረግ ተስማማን፤ ለብሼው ሁለቱ ጫፎች ደረቴ ላይ ሲገናኙ ፕላኔቷ ሙሉ ትሆናለች። ታላቁን ቀይ ነጥብ ሳሳያቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ክብ ነገር ከእኔ አይወጣም። ጥለት ላይ ክብ ብሞክር ማዕዘን ያወጣል። ቦታውን ልተውልሽ፤ እሱን አንቺ በመርፌ።» በደቡቡ ወፍራም መቀነት ላይ አንድ ጣት የምታህል ባዶ ቦታ ትተውልኝ ሸመኑት።

ያቺ ባዶ ቦታ ከሦስት ወር በላይ ፈጀችብኝ።

ቀይ ነጥቡ ማዕበል ነው፤ ከመሬታችን የሚሰፋ፣ ጠርዙ ላይ ነፋሱ በሰዓት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚከንፍ። ጁኖ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ከላዩ በ9,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ብቻ አልፋ አንሥታዋለች፤ እኔ የሠራሁት ከዚያን ቀን ምስል ነው። በሰንሰለት ስፌት ከውጭ ወደ ውስጥ እየዞርኩ ጀመርኩ፤ ጡብ ቀይ፣ በርበሬ ቀይ፣ ከዚያ ፈዛዛ ሮዝ። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ሠርቼ ግማሹ እንዳለቀ ከእነዚያው ሰዎች አንዱ ያዘጋጀውን የሚንቀሳቀስ ምስል አየሁ። ማዕበሉ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው የሚዞረው። የእኔ ስፌት ግን በሰዓት ቆጣሪው አቅጣጫ ዞሯል። ሰንሰለት ስፌት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ ቀለበት ሹል አለው፣ ሹሉም ወዴት እንደሄድሽ ይናገራል። የሠራሁት ማዕበል ወደ ኋላ የሚነፍስ ማዕበል ነበር።

እናቴ «ማን ያውቅብሻል?» አለችኝ። ከልቧ ነው፤ ሦስት ሳምንት ዓይኔን ሳጠፋ አይታለች። ተረተርኩት። ቀይ ክር ሲተረተር ነጩ ጨርቅ ላይ ጭላጩን ይተዋል፤ ያንን በመርፌ ጫፍ እየለቀምኩ ሁለት ማታ ፈጀሁ። ደግሜ በትክክለኛው አቅጣጫ ስጀምር እጄ ራሱ እምቢ አለ፤ የለመድኩት በቀኝ ዞሮ መሄድ ነው። ጨርቁን ገልብጬ በጀርባው በኩል ልሥራ ብዬ አሰብኩና ተውኩት። ቀስ ብዬ፣ በማታ 2 ዙር፣ በማታ 3 ዙር። ያንን ማዕበል ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ ወዴት እንደሚዞር ጣቴ ያውቃል። ስንት ጊዜ በፎቶ አይቼው ነበር! አቅጣጫውን ግን አንድም ቀን አላየሁትም ነበር።

ዙሪያውን ደግሞ በተቆራረጠ ስስ ስፌት ሌላ ሰፋ ያለ ቅርጽ ሠራሁለት። ቮዬጀር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1979 በጁፒተር አጠገብ ባለፈችበት ጊዜ የነጥቡ ወርድ 23,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ሀብል ቴሌስኮፕ በ2014 ሲለካው 16,500 ያህል ሆኖ ተገኘ። እየጠበበ ነው። ስሱ ስፌት የድሮው ልኩ ነው፤ ልብስ ለጠበበው ሰው እንደሚተው ቅምቅማት።

ይህን ነጠላ አንድ ጊዜ ለዐውደ ርዕይ አቅርቤው ነበር። የየትኛው እንደሆነ አልናገርም። ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ይዘው «ቆንጆ ነው፤ ግን የእጅ ሥራ እንጂ ሥነ ጥበብ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ጀርባውን አላዩትም። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ያን ሰሞን ያነሣችኝ አንዲት የሞተች ሴት ናት።

ኤለን ሃርዲንግ ቤከር ትባላለች፤ አሜሪካ ውስጥ አዮዋ ግዛት የኖረች የልጆች እናትና አስተማሪ። በዚያ አገር ሴቶች ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየደረቡ የአልጋ ልብስ መስፋት የቆየ ሙያቸው ነው። እሷ ግን በጥቁር ሱፍ ላይ ፀሐይን፣ በዙሪያዋ የፕላኔቶቹን ምሕዋር፣ ከላይ ጅራታም ኮከብ ሰፋችበት። ጥግ ላይ 1876 የሚል ዓመት ጠልፋለች። ቁመቱም ወርዱም ከ2 ሜትር ያልፋል። የሠራችው ለአልጋ አልነበረም፤ በአዮዋ ትንንሽ ከተሞች ስለ ሥነ ፈለክ ትምህርት ስትሰጥ ከበስተኋላዋ ለመስቀል ነው። ሩቅ የተቀመጠ ሰው እንዲያየው ነው ያን ያህል ያገዘፈችው። 40 ዓመት ሳይሞላት እ.ኤ.አ. በ1886 ሞተች። ጨርቁ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶንያን ሙዚየም ነው። ፎቶውን አትሜ ከልብስ ስፌት መኪናዬ በላይ ለጥፌዋለሁ።

ፎቶ የሌለው ነገርስ? እሱ ሌላ ነፃነትም ሌላ ፍርሃትም አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ስም የማውጣት ዕድል ሲሰጥ የኢትዮጵያ ድርሻ የሆነችው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቷ «አቦል» ተብለው ተሰየሙ። አቦልን ያየ ሰው የለም። በአቦል ስበት ኮከቧ ወዲህና ወዲያ ስትወዘወዝ ተለክቶ ነው የፕላኔቷ መኖር የታወቀው፤ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ የከበደች፣ አንድ ዙር ለመዞር ወደ 990 ቀናት የሚፈጅባት፣ መንገዷም ክብ ሳይሆን የተለጠጠ ሞላላ መሆኑ ይታወቃል። ቀለሟን ማንም አያውቅም። እኔ ለረከቦታችን ጨርቅ ሠራሁላት፤ አቦል ቡና ሲቀዳ በሲኒው ዳር የምትታየውን ቀይ ዳማ ቀለም ሰጠኋት። ሞላላ ምሕዋር ስለሆነ ኮከቧ መሀል ላይ አትውልም፤ ወደ አንድ ጎን ገፋ ትላለች። ጀበናው የሚቀመጠው በኮከቧ ላይ ስለሆነ ጀበናችን ረከቦቱ ዳር ነው የሚውለው፤ ሲኒዎቹ በምሕዋሩ ላይ ይደረደራሉ። አክስቴ በመጣች ቁጥር ጀበናውን ወደ መሀል ትገፋዋለች። እኔ እመልሰዋለሁ። አሁን ምክንያቱን ለጎረቤት የምታስረዳው እሷ ሆናለች።

የማይታየውን የሚሠራ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ መሳሳቱም አያሳፍርም። አሜሪካዊው ቼስሊ ቦንስቴል እ.ኤ.አ. በ1944 ሳተርን ከጨረቃዋ ከታይታን ላይ ሆኖ ሲያዩአት ምን እንደምትመስል ሣለ፤ በጠራ ሰማይ፣ በበረዷማ ገደሎች መካከል ቀለበቷ ተንጠልጥሎ። ስንቱን ወጣት ወደ ጠፈር ሳይንስ ጎትቶታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሃይገንስ የተባለችው መንኮራኩር ታይታን ላይ ስታርፍ ግን የታየው ብርቱካናማ ጭጋግ ነው፤ ከዚያ መሬት ላይ ቆሞ ሳተርንን እንዲያ አጥርቶ ማየት አይቻልም። ሥዕሉ አሁንም ይወደዳል። እኔም አቦል አንድ ቀን ሰማያዊ ሆና ብትገኝ ጨርቁን አልተረትረውም፤ ጀርባው ላይ ግን አንድ መስመር እጨምራለሁ።

አሁን የያዝኩት ሥራ ድንቅነሽ ነው። ሐዳር ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችውን አይደለም፤ ሰማይ ላይ ያለውን ዐለት። በእኛዋ ድንቅነሽ በሌላኛው ስሟ የተሰየመችው ሉሲ የተባለች መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 መጀመሪያ በአንድ ትንሽ ዐለት አጠገብ አለፈች። ያ ዐለት 800 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስሙ ድንቅነሽ ነው። ሲቃረቡት ብቻውን አልነበረም፤ የራሱ ጨረቃ ነበረችው፤ ያቺም ጨረቃ ሁለት ዐለቶች ተነካክተው የተጣበቁባት ሆና ተገኘች። ቅሪተ አካሏ አፋር ውስጥ ዲኪካ በተገኘው ሕፃን ስም ሰላም ተባለች። ይህን ዜና የሰማሁ ማታ እናቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼያታለሁ።

ሸማኔው አባት ድር ዘርግተውልኛል፤ ጥቁር መደብ፣ ጥለት የሌለው። በላዩ ላይ ሁለቱን ዐለቶች እጠልፋለሁ። ችግሩ የታወቀው ነው፤ በቅርብ የተነሡት ዝርዝር ምስሎች ጥቁርና ነጭ ናቸው። ቀለሙ የእኔ ምርጫ ነው። ወር ሙሉ ግራጫ ክር ስገዛና ስመልስ ከረምኩ። ባለፈው ቅዳሜ ግን አንድ ነገር መጣልኝና የክሮቼን ከረጢት ይዤ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድኩ።

የድንቅነሽ አጥንት ቅጂ ከመስተዋቱ ኋላ ተዘርግቷል። የክሮቹን ጫፍ አንድ በአንድ እያወጣሁ መስተዋቱ ላይ እያስጠጋሁ ማስተያየት ጀመርኩ፤ ገለባማ፣ አፈርማ፣ የተቆላ ገብስ፣ ሻይ ቅጠል። አጥንቱ አንድ ቀለም ብቻ የለውም፤ የጭኑ ከመንጋጋው ይለያል። ጥበቃው ለትንሽ ጊዜ ከሩቅ ሲያየኝ ቆየና መጣ። ያባርረኛል ብዬ ነበር። «እህቴ፣ ምን እየፈለግሽ ነው?» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ግራጫውን ዐለት አሳየሁትና ነገርኩት። ስሙን ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ነገርኩት። ወደ አጥንቱ፣ ከዚያ ወደ ስልኩ፣ ከዚያ ወደ ክሮቹ ተመለከተ።

«ቀን ሙሉ እዚህ ነው የምቆመው» አለ፤ «ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ በዚያ መስኮት ሲገባ ቀለሟ ሌላ ነው። ትንሽ ቆዪ።»

ቆየሁ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ብርሃኑ ሲዞር ከረጢቴ ውስጥ እጁን ሰድዶ አንድ ክር አወጣ፤ እኔ ጨርሶ ያላሰብኩት፣ የተቆላው ገብስ ላይ ትንሽ ቀይ ጠብ ያለበት የሚመስል። መስተዋቱ ላይ አስጠጋው። ሰኞ ከሥራ ስወጣ መርካቶ ሄጄ ከዚያው ቀለም 6 ጥቅል ገዛሁ።